ከሰሊጥ ማሳ እስከ ናኖሜትር

ስለ ናኖቴክኖሎጂ፣ በዓይን ከማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ጋር ስለሚሠራው ጥበብ፣ ልጽፍ ነው። የምጀምረው ግን ከሰሊጥ ማሳ ነው።

ሁመራ፣ መተማ፣ አብዱራፊ። ክረምት ሲገባ ለአረም፣ መስከረም ሲጠባ ለአጨዳ፣ ከደጋው እየተነሣ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዛቱ ለጉድ ነው። አብዛኛው ወጣት ነው። ገበሬ አለ፣ ትምህርቱን ያቋረጠ አለ፣ ከቤተሰቡ ተጣልቶ የወጣም አለ። ውሎው ማሳ ላይ፣ አዳሩም እዚያው ሜዳ ላይ ነው። የዚያ አገር መሬት ዋልካ ነው፤ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሠራል። ስንጥቁና የግራሩ ሥር የአሸዋ ዝንብ ቤት ነው። ዝንብ ትባል እንጂ ከወባ ትንኝም ታንሳለች። ድምፅ የላትም። የምትነክሰው ሲመሽ ነው። ሰውየው ብሩን ቋጥሮ አገሩ ከገባ በኋላ፣ ወራት ቆይቶ፣ ትኩሳት ይጀምረዋል።

በሽታው ካላ አዛር ይባላል፤ የሚያመጣው ዝንቧ ስትነክስ የምታስተላልፈው ጥገኛ ተሕዋሲ ነው። ፊት ላይ ቁስል የሚያወጣው ቁንጭር የዚሁ ዘመድ ነው። ቁንጭር መልክ ያበላሻል እንጂ አይገድልም። ካላ አዛር ግን ወደ ውስጥ ነው የሚገባው። ጣፊያ፣ ጉበት፣ መቅኔ ውስጥ ይቀመጣል። ካልታከመ ከ100 ታማሚ ከ95 በላዩን ይገድላል።

ፋርማሲስት ነኝ። ከዓመታት በፊት በዚያ አካባቢ ባለ አንድ ሆስፒታል ሠርቻለሁ። የሚመጡት ልጆች ሆዳቸው ተነፍቶ፣ እግራቸው የሸንበቆ ያህል ቀጥኖ ነበር። ብዙዎቹ መጀመሪያ የወባ መድኃኒት ሲውጡ፣ ከዚያም ጠበል ሲጠመቁ ከርመው ነው እኛ ጋ የሚደርሱት። ናኖቴክኖሎጂን በእጄ የያዝኩት ያኔ ነው። ለነገሩ እንደዚያ ብሎ የሚጠራው ሰው አልነበረም። አምቢሶም ነው የምንለው፣ የካላ አዛር መድኃኒት።

ብልቃጧ ትንሽ ናት። ውስጧ ቢጫ ደረቅ ነገር አለ፣ 50 ሚሊግራም። 12 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውሃ ትጨምርበታለህ። ወዲያው ለ30 ሰከንድ ያህል በኃይል መናጥ ነው። ካልናጥከው አይበተንም። በደንብ ሲበተን ቢጫ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፈሳሽ ይሆናል። በመርፌ ስበህ፣ ጫፉ ላይ ባለ 5 ማይክሮን ማጣሪያ ገጥመህ፣ 5 በመቶ ዴክስትሮስ (የስኳር ውሃ) ከረጢት ውስጥ ትጨምረዋለህ። ኖርማል ሳላይን ውስጥ ግን በጭራሽ! ጨው ከነካው ይበላሻል። አዲስ ነርስ ሲመጣ መጀመሪያ የምነግረው ይኼንኑ ነበር።

ማጣሪያው 5 ማይክሮን ነው፣ ማለትም 5,000 ናኖሜትር። መድኃኒቱን የተሸከሙት ቅንጣቶች ከ100 ናኖሜትር በታች ናቸው። ሳይነካኩ ያልፋሉ። ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው፤ የራስ ፀጉር ውፍረት ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር ይደርሳል። ይኼን ስታውቅ ከረጢቱን ቀና ብለህ ታየዋለህ። ምንም አይታይህም። ቢጫ ውሃ ነው።

ውስጡ ያለው መድኃኒት ራሱ የቆየ ነው። አምፎቴሪሲን ቢ ይባላል። በ1950ዎቹ በቬንዙዌላ፣ ከኦሪኖኮ ወንዝ አካባቢ በተወሰደ አፈር ውስጥ ከተገኘ ባክቴሪያ የወጣ ነው። ኃይለኛ ነው፤ ጥገኛ ተሕዋሲውን ይገድላል። ግን ኩላሊትንም ይጎዳል። እንዲሁ ራቁቱን ሲሰጥ ታማሚው አልጋው ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳት ይለቅበታል። በ1960ዎቹ ደግሞ አሌክ ባንግሃም የተባለ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት አንዳንድ የቅባት ዓይነቶች ውሃ ውስጥ ሲገቡ ራሳቸውን ዘግተው ጥቃቅን ድቡልቡሎች እንደሚሠሩ አሳየ። ሊፖሶም ተባሉ። ከጊዜ በኋላ ያ መራራ መድኃኒት እዚህ ቅባት ውስጥ ገባ።

ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። የካላ አዛር ተሕዋሲ የሚደበቀው ማክሮፋጅ በሚባለው የነጭ ደም ሕዋስ ውስጥ ነው። የማክሮፋጅ ሥራ ደግሞ በደም ውስጥ ያገኘውን ባዕድ ቅንጣት መዋጥ ነው። የቅባት ቅንጣቷን ሲያገኝ ይውጣታል። ልጅ ኪኒን አልውጥም ሲል እናት ጉርሻ ውስጥ ደብቃ እንደምታጎርሰው ነው። መድኃኒቱ ጠላት የተሸሸገበት ቤት ውስጥ በገዛ እግሩ ይገባል፤ ኩላሊትም ከብዙ ጉዳት ይድናል። ይኼን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ሳይንስ እንዲህ ሲያምር አለመደነቅ አይቻልም።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ፊዚክሰኛው ሪቻርድ ፋይንማን በ1959 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዚህ በፊትም በኋላም ያለው ሁሉ እንደዚያው ነው) በካሊፎርኒያ ባደረገው ንግግር አተሞችን አንድ በአንድ እያነሡ ማስቀመጥ ይቻል ይሆናል አለ። በ1981 ጌርድ ቢኒግና ሃይንሪክ ሮረር ዙሪክ በሚገኘው የአይቢኤም ቤተ ሙከራ አተምን ለይቶ የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ ሠሩ። በ1989 ደግሞ የዚያው ኩባንያ ተመራማሪዎች ካሊፎርኒያ ውስጥ 35 የዜኖን አተሞችን እየጎተቱ ደረደሩና ጻፉ። ምን ጻፉ? የኩባንያቸውን ስም። የሰው ልጅ አተምን በፈለገበት ማስቀመጥ ሲችል መጀመሪያ የሠራው ነገር ማስታወቂያ ነው። እኔ ስለ ናኖቴክኖሎጂ ሥነ ምግባር ሳስብ ቀድማ የምትመጣብኝ ይቺ ሥዕል ናት።

ሳያውቁት የሠሩም አሉ። ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የሮማውያን ጽዋ አለ። ከፊት ስታየው አረንጓዴ ነው። መብራት ከውስጡ ስታበራበት ቀይ ይሆናል። መስተዋቱ ውስጥ የወርቅና የብር ናኖ ቅንጣቶች አሉ። ወርቅ በዚያ መጠን ሲደቅ ቢጫ አይሆንም። ጠባዩ ይለወጣል። ናኖን ጠቃሚም አሳሳቢም የሚያደርገው ይኼው ነው፤ በትልቁ የምናውቀው ነገር ሲደቅ ሌላ ነገር ይሆናል። ስለዚህ «ብርን ለዘመናት ስንጠቀምበት ኖረናል፣ ምን ያደርጋል» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ስለ ናኖ ፍርሃት ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ሮቦት ነው። ኤሪክ ድሬክስለር የተባለ አሜሪካዊ በ1986 ራሳቸውን የሚያባዙ ጥቃቅን ማሽኖች ዓለምን ሊውጡ ይችላሉ የሚል ስጋት አንሥቶ ነበር። ወሬው ለዓመታት ዞረ። የሚባሉት ማሽኖች እስከ ዛሬ የሉም። እኔ እንደሚመስለኝ ያ ሁሉ ወሬ አንድ ጉዳት አድርሷል። ስለማይመጣው ጭራቅ ሲወራ፣ የመጣው ነገር ሳይጠየቅ አለፈ።

የመጣውን ልጠይቅ እስቲ። መጀመሪያ ዋጋ።

ካላ አዛርን ከኤችአይቪ ጋር የያዘ 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው አሁን ባለው የዓለም ጤና ድርጅት ምክር በጠቅላላው 1,500 ሚሊግራም አምቢሶም ያስፈልገዋል። 30 ብልቃጥ ማለት ነው። በ2016 ለድሃ አገሮች የተቆረጠው ልዩ ዋጋ በብልቃጥ 16.25 ዶላር ነበር። አባዙት፤ 487 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ይኼ የተቀነሰው ዋጋ ነው! ከአገሩ ሰሊጥ ሊያጭድ የወረደ ልጅ ይኼን ከየት ያመጣል? ስለዚህ የሚመጣው በእርዳታ ነው። አምራቹ ጊሊያድ በ2011 ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ተስማምቶ በ5 ዓመት ውስጥ 445,000 ብልቃጥ በነፃ ሊሰጥ ቃል ገባ። ስምምነቱ ከዚያ በኋላም ታድሷል።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ይኼኛው ወርቅ ያድናል፣ ስለዚህ ምስጋናዬን አልነፍግም። ግን እርዳታ ስጦታ ነው፤ ስጦታ ደግሞ መብት አይደለም። ብልቃጡ ለሁሉም ስለማይበቃ ለማን እንደሚሰጥ ይወሰናል። ቅድሚያ ለከፋ ታማሚ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ኤችአይቪ ላለበት ነው። ሌላው ታማሚ 17 ቀን መርፌ ይወጋል፣ በቀን ሁለት ዓይነት። አንደኛው መርፌ አንቲሞኒ ከተባለ ንጥረ ነገር የተሠራ የቆየ መድኃኒት ነው፤ ያማል፣ ልብንም ይነካል። ሁለት ልጆች ጎን ለጎን አልጋ ላይ ተኝተው አንዱ ጠብታው እየገባለት ሲተኛ፣ ሌላው መቀመጫውን ሲያሽ አይቻለሁ። «ለሱ የተሰጠው ለኔ የማይሰጠኝ ለምንድነው?» ብሎ የጠየቀኝ ነበር። ምክንያቱን አስረዳሁት። ምክንያቱ ትክክል ነው። ልጁ ግን ዞሮ ተኛ።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። አምቢሶም ከ25 ዲግሪ በላይ መቀመጥ የለበትም። መተማና ሁመራ በሞቃቱ ወር ከ40 ያልፋል። መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የምንሮጠው ወደ መድኃኒት ማቀዝቀዣው ነበር፤ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ከሌለው ደግሞ ወደ ናፍጣው። ዓለም ያደነቀው ጥበብ በአንድ ጀሪካን ናፍጣ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። መድኃኒቱን የሠሩት ሰዎች አገራቸው ውስጥ መጋዘን ሁሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ ይኼ ጥያቄ ቀድሞ አልታያቸውም ይሆናል። አልፈርድባቸውም። ግን ከዲዛይኑ ጀምሮ ማን አልነበረም የሚለው ጥያቄ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው።

ሦስተኛው፣ ለኔ ትልቁ፣ የማን አካል ላይ ተሞከረ የሚለው ነው።

በ2010 ሕንድ ውስጥ የተደረገ ጥናት ታተመ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በኪሎ 10 ሚሊግራም አምቢሶም ተሰጥቶ ከ100 ታማሚ 95ቱ ዳኑ። አንድ ቀን ሆስፒታል ገብቶ መውጣት! ዜናው ሲሰማ ማን አይጓጓም? እዚህ ቢመጣ ስንት አልጋ ይተርፍ ነበር። ደግነቱ ማንም ዝም ብሎ ገልብጦ አላመጣውም። በኢትዮጵያና በሱዳን ተሞከረ። ውጤቱ በ2014 ወጣ። ያው 10 ሚሊግራም አንድ ጊዜ ሲሰጥ የዳኑት 58 በመቶ ናቸው። በትንሹ መጠን፣ በ7.5 ሚሊግራም፣ 40 በመቶ። ተደጋግሞ በብዙ መጠን ሲሰጥ እንኳ 85 በመቶ ነው። ጥናቱ መሃል ላይ ቆመ። ያልዳኑት ሌላ ሕክምና ተሰጣቸው።

መድኃኒቱ ያው፣ የበሽታው ስም ያው። ውጤቱ ግን ሌላ። የሕንዱ ቁጥር እንዳለ ቢገለበጥ ኖሮ ታማሚውን ድነሃል ብለን ወደ ቤቱ እንሰደው ነበር፤ ብዙው በሽታውን ይዞ። ስለዚህ እኛ አገር ላይ መሞከሩ ተገቢ ነበር እላለሁ። ሙከራ የሚባል ነገር ሲሰማ «መሞከሪያ አደረጉን» የሚል ብዙ ነው። ቁጣው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ግን አለመሞከርም በደል ነው። በሌላ ሰው አካል ላይ የተገኘ ቁጥር ለኛ ሲታዘዝ፣ ያኔ ሳይነገረን የምንሞከረው እኛ ነን።

ቅር የሚለኝ ፊርማው ነው። እኛ ጋ በሚደረግ የሕክምና ጥናት የስምምነት ወረቀት በአማርኛ ይነበባል። የማይጽፍ በጣቱ ያትማል፣ ምስክር ይቆማል። ሥርዓቱ አለ። ግን ትኩሳት 39 የገባ፣ ከቤቱ ሩቅ ያለ፣ ኪሱ ባዶ የሆነ ልጅ «አልፈልግም» ማለት ይችላል? ወረቀቱ ይችላል ይላል። ልጁ ግን «እናንተ ካላችሁ ጥሩ ነው፣ ዶክተር» ይልሃል። ፋርማሲስቱም፣ ነርሱም፣ ላብራቶሪውም ሁሉ ዶክተር ነው ለሱ። እዚያ ላይ ሊፖሶም ምን እንደሆነ ማስረዳት የሚጠቅመው ስንቱን ነው? ሞክሬዋለሁ። «በቅባት የተሸፈነ መድኃኒት ነው» ስል አንዱ «የምን ቅባት? ጾም ላይ ነኝ» አለኝ። ሳቅን ሁለታችንም። ግን ጥያቄው ከማንኛውም ፎርም የተሻለ ጥያቄ ነበር። ውስጤ የሚገባው ከምንድነው የተሠራው ማለቱ ነው።

ጥሩ ነገርም መጥቷል። በጎንደርና በአብዱራፊ ኤችአይቪና ካላ አዛር ባለባቸው ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት አምቢሶምን ሚልቴፎሲን ከሚባለው የሚዋጥ መድኃኒት ጋር መስጠት ብቻውን ከመስጠት እንደሚሻል አሳየ። በ2019 ታተመ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ያወጣው ምክር በዚያ ላይ ተደግፏል። እዚህ የተጠየቀ ጥያቄ፣ እዚህ የተገኘ መልስ።

የኮቪድ ወረርሽኝ ሲመጣ ይኼው ታሪክ በሌላ መልክ ተደገመ። የፋይዘርና የሞደርና ክትባቶች የሚሠሩት ለሕዋሶቻችን መልእክት የያዘችውን ኤምአርኤንኤ የተባለች ሞለኪውል ቅባት በሆነ ናኖ ቅንጣት ጠቅልለው ነው። በኤምአርኤንኤ ላይ ባደረጉት ምርምር ለክትባቶቹ መንገድ የከፈቱት ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን በ2023 ኖቤል ተሸለሙ። በወረርሽኙ ሰሞን ወደ አዲስ አበባ ተመልሼ ነበር፤ ፋርማሲው ውስጥ በየቀኑ «ቺፕ አለበት ይባላል፣ እውነት ነው?» ነበር ጥያቄው። ቺፕ የለም እላለሁ። ታዲያ ምን አለ? ጥቃቅን የቅባት ቅንጣት። አንዲት እናት «ታዲያ ይኼን ለምን ቀድመው አይነግሩንም?» አሉኝ። እማማ፣ ልክ ነዎት። ሰው ባዶ የተተወለትን ቦታ በወሬ ይሞላዋል።

ወደ ሱቁ መደርደሪያ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል፤ እዚያማ የሚያነብልህም የለም። ኢ171 የሚባለው ነጭ ማቅለሚያ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። ከረሜላ፣ ማስቲካ፣ የኬክ ክሬም ያነጣል። ከቅንጣቶቹ ከፊሉ ከ100 ናኖሜትር በታች ነው። በ2021 የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በዘረ መል (ዲኤንኤ) ላይ ጉዳት አያደርስም ብሎ መናገር እንደማይችል ገለጸ። በ2022 የአውሮፓ ኅብረት ከምግብ አገደው። አሜሪካ ደግሞ እስከ 1 በመቶ ትፈቅዳለች። ሁለት ሀብታም ወገኖች ስለ አንድ ዱቄት አልተስማሙም። እሺ ይሁን፣ አለመስማማት ያለ ነው። ቢያንስ ግን የተከራከሩት በራሳቸው ከረሜላ ላይ ነው። የኛን ልጆች ከረሜላ መጠቅለያ ገልብጦ ያነበበ ስንት ነው?

«የማይሸት ካልሲ» አይታችኋል? አንዳንዱ የብር ናኖ ቅንጣት አለበት፤ ብር ባክቴሪያ ይገድላል። በ2008 አሪዞና ውስጥ የተደረገ ጥናት አንዳንዶቹ ካልሲዎች ጥቂት ጊዜ ታጥበው ብራቸውን ከሞላ ጎደል ለውሃው እንደሚለቁ አሳይቷል። ውሃው ውስጥ ደግሞ መሞት የሌለባቸው ባክቴሪያዎች አሉ። አቃቂ ወንዝን የሚያሳስበው የካልሲ ብር ብቻ ቢሆን ምነኛ በታደለ፣ ግን እሱም አንድ ነገር ነው።

ሰሞኑን ስለ ታንዛኒያዊው አስክዋር ሂሎንጋ ሳስብ ነበር። አሩሻ የሚያስተምር መሐንዲስ ነው። አሸዋና ናኖ ቁስ አዋህዶ የውሃ ማጣሪያ ሠራ፤ በ2015 የእንግሊዝ የምህንድስና አካዳሚ ለአፍሪካ ባዘጋጀው ሽልማት የመጀመሪያው አሸናፊ ሆነ። የወደድኩለት ማጣሪያው እንደየአካባቢው ውሃ የሚስተካከል መሆኑን ነው። ፍሎራይድ ከበዛ ለፍሎራይድ። የኛም ስምጥ ሸለቆ ያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የፍሎራይድ ጣሪያ የሚለው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ነው፤ ወንጂ አካባቢ ከዚያ በላይ ሲጠጣ ያደገ ሰው ጥርሱን አይታችሁ ታውቁታላችሁ። የሚያስፈልገውን የሚያውቅ ሰው ሲሠራው ነገሩ ይለያል። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም የናኖቴክኖሎጂ የልህቀት ማዕከል አለው። ከዚያ የሚወጣውን ነገር መደርደሪያዬ ላይ ማየት እፈልጋለሁ።

አሁን ፋርማሲዬ ውስጥ በብዛት የምጠየቀው ስለ ጸሐይ መከላከያ ክሬም ነው። አልቢኒዝም ያለባቸው ልጆች እናቶች ይመጣሉ። ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት ክሬም ቅንጣቱ ትልቅ ሲሆን ፊት ላይ ነጭ ኖራ መስሎ ይቀራል፤ ሲደቅ አይታይም። ልጅ ትምህርት ቤት ሲሄድ ኖራ ተቀብቶ መሳቂያ መሆን ስለማይፈልግ የደቀቀው ይመረጣል። አውሮፓ ውስጥ የሚሸጥ ከሆነ ሕጉ ግድ ስለሚል ከንጥረ ነገሩ ስም ጎን በቅንፍ «ናኖ» ተብሎ ይጻፋል። እኔ እያሳየሁ አነባለሁ። «ጉዳት አለው?» ይሉኛል። የአውሮፓ ኅብረት የመዋቢያ ምርቶች ሳይንሳዊ ኮሚቴ ቁስል በሌለው ቆዳ ላይ ሲቀባ እስከ 25 በመቶ ድረስ ችግር የለውም ብሏል፤ የሚነፋውን ግን አልደገፈም፤ ምክንያቱም ሳንባ ይገባል። ስለዚህ የሚረጨውን አልሸጥላቸውም፤ የሚቀባውን ነው የምሰጣቸው። ለልጁ ቆዳ ጸሐዩ ከማንኛውም ናኖ ቅንጣት የባሰ አደጋ ስለሆነ፣ ጠዋት ሳይወጣ ይቀቡት፣ ቀትር ላይ ይድገሙት፣ ጆሮውንና ማጅራቱን አይርሱ፣ ባርኔጣውንም ያድርግ።